የልስልሱ ጢም

ልብስ ሰፊዋ ባሏን የወደደችው በጉንጩ ነው። ሐሜት አይደለም፤ ራሷ ናት የምትናገረው። ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነበርና በየማለዳው ታጣፊ ምላጩን አውጥቶ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ይላጫል፤ ሰፈሩም "ልስልሱ" የሚለው ለዚሁ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ሹም አሳምሮ ሲሸኝ እጁ አንድ ቀን እንኳ ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

ከዚያ ታመመ። ተመስገን ነው፣ ዳነ፤ ቀኝ እጁ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረች። ኩባያ ስታነሳ ግማሹን ለወለሉ ታካፍላለች። ፀጉር ቤቱን ዘጋ፣ ጢሙ አደገ፣ እሱም ከቤት መውጣቱን ተወ። "ይሄን ጢም ይዤ በማን ፊት ልቁም?" ይላል። ከመንገዱ ባሻገር ሌላ ፀጉር አስተካካይ አለ፤ ባልና ሚስቱ "የማዶው" ነው የሚሉት፤ ሁለቱ አስተካካዮች ሠላሳ ዓመት ደንበኛ ሲነጣጠቁ ኖረዋል። "እሱ ይላጭህ" ሲባል፣ "ብሞት ይሻለኛል!" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ፣ ውሃ ቢያንቅ በምን ይውጡ እንደሚባለው፣ አስተካካዩን ማን ያስተካክለው?

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ወዳጆቹ መጥተው "ነገ ብቅ በልና እንጫወት" ቢሉት መልሱ "እስቲ እናያለን" ብቻ ነው። ነገ የሚባል ቃል ከአፉ ጠፋ። ሚስቱን ያስፈራት ጢሙ ሳይሆን ይሄ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የስፌት መኪናዋን ከደነችና ፊቱ ቆመች።

"እኔ እላጭሃለሁ።"

"አንቺ? በመቀስ ነው በዚግዛግ?"

"አስተምረኝ! ለሰፈሩ ሥራ ፈት ሁሉ ስታስተምር ኖረህ የለ?"

ከእሷ ጋር ክርክር እንደማያዋጣ ያውቃል። ምላጩ የሚሳልበትን ቆዳ ከበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥላ እንድትወጥረው ነገራት። "የምላጩ ጀርባ ይቅደም፣ ስለቱ ይከተል። ጫፍ ስትደርሺ በጀርባው ገልብጪና ተመለሺ።" ሰፊዋ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው ስለት ወደ ፊት የሚሄደውን ነው፤ መቀስ ወደ ኋላ አይቆርጥ! ሁለቴ ደህና አድርጋ አመላለሰችው። በሦስተኛው ስለቱን አስቀደመችና ቆዳውን ጣት በሚያህል ቀደደችው። ባሏ ከአስተማሪው የወረሰው ቆዳ ነው። ቁጣውን ጠበቀች።

"ሰፍቼ ልመልስልህ?" አለች።

ልስልሱ ቆዳውን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ሳቀ። እስኪያስለው፣ ዕንባው ጢሙ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ሳቀ። "ምላጭ በስፌት ላይ! ኧረ አንቺ ሴትዮ ጉድ ነሽ! በደህናው በኩል ቀጥይ።" ሦስት ወር ያልሰማችው ሳቅ ነውና፣ ቆዳው ሁሉ ቢበጣጠስ ባልከፋት ነበር።

ቀጥሎ ፊኛ መጣ። ጀማሪ ሁሉ የሚፈተነው በዚህ ነው፤ የተነፋ ፊኛ አረፋ ይቀባና ሳይፈነዳ ይላጫል። ሰፊዋ በእስክሪብቶ ዓይንና አፍንጫ ሠራችለት። ልስልሱ ከወንበሩ ሆኖ አፉ ሥራ አልፈታም።

"ምላጩን አስተኚው እንጂ! ቀጥ ካደረግሽው ይቆርጣል፣ ጨርሶ ካስተኛሽው ይነጫል።"

"አስተኝቻለሁ እኮ! ዓይንህ ነው የ..."

ዷ!

"ሞትኩ" አለ ልስልሱ።

"ነፍስህን ይማር" አለች እሷ፣ ሌላ ፊኛ እየነፋች።

እስከ እሑድ ማታ አራት ጊዜ ሞተ። ጎረቤት "የማን ልደት ነው?" ብላ በአጥር ጠየቀች። ሰኞ ግን ሰፊዋ የደንበኛ ቀሚስ ጫፍ ስታጥፍ ቆይታ፣ በከንፈሯ የያዘቻቸውን እስፒሎች ረስታ ወደ ፊኛው ሄደች። ባሏ ተናገረ፤ እሷ መመለስ አልቻለችም። ፊኛው ሳይፈነዳ ሙልጭ ብሎ ተላጨ። ለካ እጇን የሚያስተው ምላሷ ኖሯል!

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት አስባበት አራት እስፒል በከንፈሯ ያዘች። ልስልሱን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ፊቱ ላይ አሳረፈች፤ ጢሙ ለስለስ ሲል ብሩሹን አዙራ አዙራ አረፋውን ቀባችው። ቆዳን በግራ አውራ ጣት መወጠር ማንም ሊያስተምራት አላስፈለገም፤ ጨርቅም ሳይወጥሩት አይቆረጥ። ጢሙ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ትንሽ በትንሽ ወረደች። ጉሮሮው ጋ ደረሰች። ልስልሱ ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ምክር ሊጀምር አፉን ከፈተ። ምላጩን ከጉሮሮው አነሳችና እስኪዘጋው ጠበቀችው። አርባ ዓመት "ጉሮሮ ላይ ወሬ የለም" እያለ ደንበኛ ሲቆጣ የኖረ ሰው፣ አፉን ገጥሞ ዓይኑን ጨፈነ። አገጩን አምኖ እጇ ላይ ጣለው። ፈራች፤ ደግሞም ወደደችው፣ እንደ ድሮው።

ሲያልቅ በግራ መዳፉ ጉንጩን ከታች ወደ ላይ ዳሰሰ፤ ደንበኞቹን የሚፈትሸው እንዲህ ነበር። "ምላጩን አድርቂው፤ ውሃ እንደነካው ካጠፍሽው ዝገት ይበላዋል" ብቻ ብሎ ጫማውን ፈለገ። እሷም ምላጩን በጨርቅ ጠርጋ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ቀባችው።

ልስልሱ ደጃፉ ላይ ሲቆም የማዶው አየው። ግማሽ ጢም የተላጨ ደንበኛውን ወንበር ላይ ትቶ፣ መንገዱን አቋርጦ መጣ።

"ማን ላጨህ?"

"ባለሙያ።"

የማዶው ጠጋ ብሎ መረመረ፤ ዞር ብሎም መረመረ። "ከጆሮህ ሥር ትንሽ ጢም ቀርታለች" አለ ደስ እያለው።

"አውቃለሁ" አለ ልስልሱ ኮራ ብሎ። "ተለማማጅ ናት። ነገ ትጨርሰዋለች።"

ከበሩ ኋላ የቆመችው ሰፊ ለማዶው መልስ ልትሰጠው እስፒሎቹን ከከንፈሯ አውጥታ ነበር። ነገ የሚለውን ስትሰማ ግን መልሳ በከንፈሯ ያዘቻቸው።