ሜዳውን ያሳየሁት እኔ ነኝ

ለንስሐ አባቴ ኃጢአቴን የምነግረው እንደ ትምህርት ዕቅድ በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የሻርኩትን ጾም፣ ቀጥሎ ቁጣዬን፣ ከዚያ ውሸቴን። ከውሸቶቼ ውስጥ ግን አንዱን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። መስቀል ተሳልሜ ስወጣ እሱም አብሮኝ ይወጣል። እስካሁን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእሱም የነገርኩት መናገሬ ለማንም በማይጠቅምበት ጊዜ ነው። ለእናንተ ግን ሳልዘል ልናገር። ስሙኝና ፍረዱ፤ እንዳታጽናኑኝ።

ሜዳውን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የተወቀሰበትን፣ ሌላ ሰው ካሳደገው አጎቱ የተለየበትን ነገር ያደረግኩት እኔ ነኝ።

አውሮራ በምትባል የባሕር ማዶ ከተማ ውስጥ የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። ሰው ያልገባው ነገር ሲገባው ፊቱ ላይ የሚመጣውን ብርሃን ለማየት ስል ያልተጠየቅኩትን ሁሉ አስረዳለሁ። ከጋሽ ደምሴ ጋር የተዋወቅነውም በዚሁ ጠባዬ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለልጆች ስለ ኤልክ እያስረዳሁ ነበር፤ ኤልክ ከአጋዘን በጣም የሚተልቅ፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ የዚህ አገር አውሬ ነው። ጋሽ ደምሴ ከኋላ ቆመው ሰሙኝና፣ «ቲቸር፣ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አሉኝ። በሥዕል ብቻ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው የአዳኝነት ትምህርቱን ጨርሺና ፈቃድ አውጪ፤ አሳይሻለሁ» አሉ።

ስድሳን ያለፉ ሰው ነበሩ። አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳሉ፤ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ደግሞ አዳኝ ይሆናሉ። ለፉከራ አልነበረም። ከነቢያት ጾም በፊት ለቅበላ ሥጋውን በየቤቱ ያዳርሱ ነበር፤ የታመመ ያለበት ቤት፣ አዲስ የመጣ ሰው ያለበት ቤት፣ ልጆች የበዙበት ቤት። ቢላቸውን አማትበው «በስመ አብ» ሳይሉ ቆዳ አይገፉም። ልጅ አልወለዱም፤ ያሳደጉት የእህታቸውን ልጅ ቢኒያምን ነው። ቢኒ እንግልውድ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በአልጋ እየገፋ ከክፍል ክፍል ያመላልሳል። ቀልደኛ ነው፤ ወሬ አይቋጥርም እየተባለም ይታማል። ይህን ሐሜት ልብ በሉልኝ፤ በኋላ የተደበቅኩት ከእሱ ጀርባ ነው።

ልማዴ ነውና ትንሽ ላስረዳ። እነዚያ ተራሮች አብዛኛቸው የሕዝብ መሬት ናቸው። አጥር የለም፣ ባለቤት የለም፤ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ያድናል። ስለዚህ ማን የት ይቀመጥ የሚለውን ሕጉ አይነግርም። ሕጉ የተወውን አዳኞች በይሉኝታ ይጠብቁታል። ጋሽ ደምሴ የነገሩኝ እንዲህ ነው፦ መኪና ቆሞ ካየሽ እለፊ፤ ቀድሞ የመጣ ባለቤት ነው። በሰውና በሚጠብቀው ሜዳ መካከል አትግቢ። ሰው ያሳየሽን ቦታ ለሌላ አታሳዪ። እኔም አስተማሪ ነኝና የመጨረሻው ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«መሬቱ የሁሉ ነው» አሉ። «ማወቁ ግን የለፋበት ነው።»

የእሳቸው ቦታ በሌክውድ በኩል ወጥቶ፣ ተራራውን ይዞ ብዙ ከተነዳ በኋላ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከሚያቆምበት በላይ ነው። ትንሽ ሜዳ ናት። ዙሪያዋን ግንዳቸው ነጭ የሆነ ዛፎች ከበዋታል፤ ከላይዋ ጥቁር የጥድ ጫካ አለ። ጎህ ሲቀድ ኤልኮቹ ከሣሩ ወደ ጥዱ ይሻገራሉ። በሜዳዋ ዳር የወደቀ ግንድ አለ፤ እዚያ ላይ ለተቀመጠ ሰው ነፋሱ ከፊቱ ስለሚመጣ ሽታው ወደ አውሬው አይሄድም። ያቺን ግንድ እስኪያገኙ ስንት ዓመት ባዶ እጃቸውን እንደተመለሱ ቢኒ አጫውቶኛል። ሜዳዋን ያሳዩት ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ለቢኒና ለእኔ።

አብሬያቸው ማደን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች አደን አስተምሪን አሉኝ። ደስ አለኝ። ማስተማሬ ጥፋት አልነበረም፤ ዛሬም ጥፋት ነው አልልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴንቴኒያል በምትባለው ከተማ፣ ከወጣቶቹ የአንዷ ወላጆች ሳሎን ውስጥ ተሰብስበን ካርታውን ቴሌቪዥን ላይ እያወጣሁ አስረዳቸው ጀመር። ነፋስ፣ ውሃ፣ ጥላ፣ የአውሬ መተላለፊያ። ያዳምጣሉ፤ ግን አልገባቸውም። ፊታቸው አልበራም። አንዱ፣ «እሺ ቲቸር፣ ታዲያ እኛ የት ነው የምንቀመጠው?» አለኝ።

«ለምሳሌ» አልኩ።

ለምሳሌ ብዬ ሌላ ሜዳ መፈለግ አልችልም ነበር? ካርታው ሙሉ ሜዳ ነው። ከራሴ ፈጥሬ መሳል አልችልም ነበር? በየቀኑ ሰሌዳ ላይ የምስለው ምንድን ነው? እኔ ግን የጋሽ ደምሴን ሜዳ ካርታው ላይ አቅርቤ አሰፋሁት። ጥዱን አሳየኋቸው፣ ሣሩን አሳየኋቸው፣ የወደቀችውን ግንድ አሳየኋቸው። ፊታቸው በራ። የምወደውን ብርሃን አገኘሁ። «ፒኑን ሼር አድርጊልን ቲቸር!» አሉ። ካርታው ላይ ቦታዋን የሚያመለክተውን ነጥብ ወደየስልካቸው ሼር አደረግኩ።

ረስቼ አልነበረም። ጣቴ ስልኩ ላይ ሳለ የጋሽ ደምሴ ቃል ትዝ ብሎኛል። ታዲያ ራሴን ምን ብዬ ዝም አሰኘሁት? የሕዝብ መሬት ነው አልኩት። ነውም። እውነት ተናግሮ መዋሸት እንደሚቻል ያን ቀን ከራሴ ተማርኩ።

የአደኑ ወቅት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ማታ፣ በወጣቶቹ ቴሌግራም ላይ «ነገ ሁላችንም ምሳሌው ጋ እንገናኝ!» የሚል መልእክት አየሁ። የሜዳዋን ስም ምሳሌው ብለዋት ነበር። ለእነሱ ተዉ ማለት እችል ነበር። ለጋሽ ደምሴም ደውዬ መናዘዝ እችል ነበር። ስልኩን ድምፅ አጥፍቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ገና ሌሊት ሳለ ሦስታችን በጋሽ ደምሴ መኪና ነበርን፤ ቢኒ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጋሽ ደምሴ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ «ዛሬ ግንዱ ያንቺ ነው ቲቸር። እኔ ከኋላሽ ሆኜ አይሻለሁ» አሉ።

«እንዴ ጋሼ!» አለ ቢኒ። «እኔ ስንት ዓመት ተሰልፌ የደረሰኝን እሷ በሁለት ዓመት?»

«አንተማ ግንዱ ላይ እንቅልፍ ወሰደህ! ኤልኩ ሊቀሰቅስህ ምን ቀረው?»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያን መንገድ ሁሉ፣ መኪናው ዳገቱን ሲወጣ፣ መናገር እችል ነበር። እያንዳንዱ ኩርባ ላይ እናገራለሁ እያልኩ ኩርባውን አለፍኩት።

ኮረኮንቹ የሚያልቅበት ስንደርስ መኪና በመኪና ነበር። ሁሉም ሐበሻ፣ ሁሉም የአዳኝ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ፤ ተቃቅፈው ትከሻ ለትከሻ ሰላም ይባባላሉ፣ ሻይ በቴርሞስ ይቀዳዳሉ። ጋሽ ደምሴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ «ሰርጉ የማን ነው?» አሉ።

ሳቁና መኪናውን ከበቡት። ማን እንደሆኑ ሲያዩ ግን ኮፍያቸውን አወለቁ። እነዚያ ልጆች ባለጌዎች አልነበሩም፤ ያስተማርኳቸውን ሥርዓት ሁሉ ይዘዋል። ቀድሞ የመጣ ባለቤት ነው ብያቸው ስለነበር ቀድመው ለመድረስ መኪና ውስጥ አድረዋል። አንደኛው ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ይምጡ፣ ጥሩ ቦታ አለችን! የወደቀ ግንድ አለች፣ ለጉልበትዎ ትመችዎታለች» አላቸው።

የገዛ ግንዳቸውን ጋበዛቸው።

«ቀድማችኋል ልጆቼ» አሉ ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው። «የቀደመ ባለቤት ነው። እኛ ወዲያ እንሄዳለን።»

ይኸኔ አንዷ ልጅ ከኋላ ወንበር እንደተቀመጥኩ አየችኝና ፊቷ በራ። «ቲቸር! ያልሽንን እኮ—» ስትል ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ፣ «እሽሽ! ድምፅ ቀንሱ፣ አውሬው ይሰማል» አልኳት። ሁሉም ዝም አሉ። ጥሩ ተማሪዎች ነበሩ። አንዱ ደግሞ ቢኒን በመስኮት አንገቱን አቅፎ፣ «ቢኒዬ!» እያለ ይስመዋል፤ አብረው ይሠሩ ነበር። ጋሽ ደምሴ ያንን አዩ። ከዚያ ቢኒን አዩት። ወደ እኔ ዞር አላሉም።

ትንሽ እንደሄድን ቢኒ፣ «እኔ አይደለሁም ጋሼ» አለ።

«የጠየቀህ አለ?»

ከኋላ ወንበር ላይ እኔ ነበርኩ። እኔ ነኝ ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ስናገር የምውል ሰው ሁለት ቃል አጣሁ?

ሌላ ዳገት ሞከርን። ጋሽ ደምሴ መሐሉ ላይ ጉልበታቸው እምቢ አላቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በሜዳዋ በኩል ተኩስ ሰማን፤ አንዱ ቸኩሎ ሳይነጋ ተኩሶ መንጋው ሁሉ እንደበረገገ በኋላ ሰማሁ። ማንም ምንም አላገኘም። በዚያ ዓመት የጋሽ ደምሴ ሥጋ ለቅበላ የትም ቤት አልገባም። ለወጣቶቹ፣ ከእኔ እንደሰማችሁ አትናገሩ፣ ሽማግሌውን እንዳናስቀይም ብዬ ጻፍኩላቸው። ፒኑን አጠፋሁ። ውሸቴን ጨዋነት አልብሼ ሰጠኋቸው፤ እነሱም በጨዋነት ጠበቁልኝ።

ጋሽ ደምሴ ቢኒን አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻል ነበር። ስልኩን ማንሳት ብቻ ተዉ። ቤታቸው ሲመጣ ደክሞኛል ይሉታል። ቢኒ ለእኔ እየደወለ፣ «አንቺን ይሰማሻል፣ እስኪ ንገሪልኝ» ይለኝ ነበር። እሺ እለው ነበር።

በፋሲካ ልጠይቃቸው ስሄድ አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽራቸውን ከነማንገቻው አመጡ። «ከእንግዲህ ተራራ አልወጣም። አንቺ ያዥው» አሉኝ። «አፍሽን መያዝ ታውቂያለሽ።» በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኳቸው።

በቀጣዩ ክረምት፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ታመው ሆስፒታል ገቡ። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ ቢኒ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ በር ላይ መጥቶ ቆመ። እንግልውድ ሥራውን ጨርሶ አውሮራ ድረስ መጥቶ ነው። ጋሽ ደምሴ አዩትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢኒ የያዘውን ጭማቂ ለእኔ ሰጥቶኝ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ቀረን። እግዚአብሔር ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ዕድል ይሰጣል? ጭማቂውን በስትሮ አጠጣኋቸው። ከማን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ አልነገርኳቸውም። ከቢኒ ጋር ሳይነጋገሩ ዐረፉ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ለመጣው ሰው ውሃ የማድል እኔ ነበርኩ። ሰዎች፣ «እንደ ልጃቸው ነበረች» እያሉ ይመርቁኛል። ልጃቸው ግን በሩ አጠገብ፣ ከእንግዶቹ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከዘመድ ረድፍ ቁጭ በል የሚለው ሲመጣ፣ «ይኸው ይበቃኛል» ይላል። ለእሱም ውሃ ሰጠሁት። «እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር» አለኝ።

ከአርባቸው በኋላ መነጽሩን ይዤ እንግልውድ ቤቱ ሄድኩ። በር ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሳሎኑን፣ ምሳሌውን፣ ፒኑን፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ ማድረጌን። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ያ ወሬ አይቋጥርም የተባለ ሰው። ከዚያ መነጽሩን ዘረጋሁለት፤ «ይህን የሰጡት ምስጢር ለጠበቀ ሰው ነው፤ ያንተ ነው» አልኩት። እንደ ልማዴ አስረዳሁት።

አልተቀበለኝም።

«የእሱን ዕቃ መች ፈለግኩ?» አለ። «ስልኩን እንዲያነሳልኝ ነበር የምፈልገው።»

ይቅር በለኝ አልኩት። አልተሳደበም። እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ወጣት ነበርኩ አልላችሁም፤ አሁንም ወጣት ነኝ። ለማስተማር ብዬ ነው አልላችሁም። ማስተማሩ ያለቀው ፒኑን በላክኩ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ዝምታ ነው፣ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ሜዳውን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም፤ ይቅርታ የሚጠየቀው ከባለቤቱ ነው፣ ከሁለቱ ባለቤቶች አንዱ አፈር ለብሷል።

ለሌላው፣ ለቢኒ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እደውልለታለሁ። ይጠራል፣ ይጠራል። አያነሳም።