ዘጠኝ ራስ ላይ የዋለች መርፌ

መጀመሪያ ያመማት ከግራ ጆሮዋ ከፍ ብሎ ነው። ልጄ ማርታ በመስቀል ማግስት ጠዋት፣ በትውልድ መንደሬ በኦቾሎ፣ እህቴ ቤት፣ ከመኝታዋ ተነሥታ ጣቷን እዚያ ላይ አደረገችና "አባዬ፣ እዚህ ጋ ይጠዘጥዘኛል" አለችኝ። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። "ቁንጅና ፈልገሽ የለ? ቻይው" አልኳት። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ዝም አለች። ዝም ማለትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ልጁ ወይም ሚስቱ ከፀጉር ቤት ታማ ለተመለሰችበት ሰው ነው። ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ያገኘሁት ካገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩና አባያ ዳር ባሉ የሙዝ እርሻዎች የውሃ ፓምፕ እየጠገንኩ ነው። ስለዚህ ያየሁትንና ሐኪሞች የነገሩኝን ብቻ እጽፋለሁ። ቁጣ ካያችሁብኝ አልተሳሳታችሁም። እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ጠዋት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ነው። ሚስቴ አራስ ስለነበረች ማርታን ፀጉር ቤት የወሰድኳት እኔ ነበርኩ። የበዓል ሰሞን ነውና ቤቱ ጢም ብሏል። ዘጠኝ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው በረድፍ ተቀምጠዋል። ሥራውም በረድፍ ነው፤ አንዷ ታጥባለች፣ ሌላዋ ሹሩባውን ከራስ ቆዳ ጋር አጣብቃ ትጎነጉናለች፣ የቤቱ ባለቤት ፍቅርተ ደግሞ ሂውማን ሄር የሚሉትን የተገዛ ፀጉር በቆልማማ መርፌ ሹሩባው ላይ እየሰፋች ከአንዷ ወደ አንዷ ትሻገራለች። ስትሻገር መርፌዋን ገዋኗ ደረት ላይ ትሰካታለች። ክር ስትበጥስ በከንፈሯ ትይዛታለች። መርፌዋ አንድ፣ ማበጠሪያው አንድ፣ ፎጣውም አንድ ነበር። የመጀመሪያዋን ሴት ያደረቀው ፎጣ እርጥቡን ዘጠነኛዋም ጋ ደረሰ። ዘጠነኛዋ ማርታ ናት።

እኔ በር ላይ ቆሜ አስቸኩላለሁ። ኦቾሎ ላይ ወንድሞቼ በሬ ሊጥሉ ነው። በእኛ ዘንድ የመስቀል ሥጋ በመደብ ሲከፋፈል አባወራው ራሱ መገኘት አለበት፤ የቀረ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲወራበት ይኖራል። "ፍጠኚ እንጂ፣ መኪናው ሊያመልጠን ነው!" እላለሁ።

ፍቅርተ ቀና አለችና "ጋሼ፣ የምሰፋው ራስ ነው፣ ጆንያ አይደለም" ብላ ሴቶቹን አሳቀችብኝ።

ያኔ ማርታ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ "አባዬ፣ መርፌዋ ከዚያችኛዋ ሴትዮ ሳትታጠብ ነው የመጣችው። ደም የነካት መሰለኝ" አለች።

"አትቀናጪ" አልኳት። "ሰው ሁሉ የተሠራባት ናት።"

ወዲያው መርፌዋ ወጋቻት። ማርታ ጮኸች። ፍቅርተ በጣቷ ጫን አደረገችው፣ ደሙን በዚያው ፎጣ ጠረገችው፣ ቀጠለች። መኪናው አላመለጠንም። ለሥጋውም ደረስኩ።

እንግዲህ በመስቀል ማግስት ጠዋት ይጠዘጥዘኛል ያለችው ይህ ቦታ ነው። ወደ ማታ አበጠ። እህቴ አልማዝ ዳሰሰችውና "ይህ ይፈታ፣ ልጅቷ ትተንፍስ" አለች። እኔ እምቢ አልኩ። ለበዓል የተሠራ ፀጉር በበዓል አይፈታም አልኩ፤ የሚጎበኘን ሰው ገና አላለቀም ነበር። እህቴም ታላቄ ብትሆን ወንድ ካለበት ቤት ቃል አታበዛም። "እንግዲያው ቅቤ ይደረግላት" አለች። በእኛ አገር ቅቤ በራስ ላይ ምርቃት ነው፣ መድኃኒትም ነው ይባላል። ለጋ ቅቤ ሹሩባው ላይ፣ በተሰፋው ፀጉር ሥር፣ እስኪወርድ ድረስ ደፋንበት። ያበጠውንና የቆሰለውን ቆዳ ከነቆሻሻው ከድነን አሳደርነው።

በሁለተኛው ቀን የግራ ዓይኗ ቆብ አበጠ።

በሦስተኛው ቀን ተንቀጠቀጠች። ጋቢ ደረብን። ሌላ ደረብን። አሁንም ተንቀጠቀጠች። ውሃ ሰጠኋት፤ አስታወከችው። "ማርታ" አልኳት። አየችኝ። አላወቀችኝም።

ተሸክሜያት ወጣሁ።

ከኦቾሎ አስፋልቱ ድረስ ቁልቁለት ነው። የጎረቤት ሞተር ብስክሌት ላይ መሐል አስቀመጥናት፤ ከኋላ አቅፌያት ወረድን። ራሷ አገጬ ሥር ነበር። ይሸታል። ቅቤው ነው አልኩ ለራሴ። ቅቤው አልነበረም። አስፋልቱ ላይ ከምዕራብ አባያ የሚመጣ ሚኒባስ አገኘን። ሾፌሩ አይቷት ሳይጠይቀኝ ነዳ።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "አባት፣ ከጀመራት ስንት ቀኗ ነው?" የሚል ነበር።

"ትናንት ነው" አልኳት።

ዋሸሁ። ልጆቼን በውሸት ስቀጣ የኖርኩ ሰው፣ ልጄ አልጋ ላይ እየቃዠች፣ አፍሬ ለሐኪም ዋሸሁ። ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ተመለስኩና "ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ያቆየኋት እኔ ነኝ" አልኳት። አልተቆጣችኝም። ወረቀቷ ላይ አስተካከለችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ነርሷ ስፌቱን በመቀስ ቆረጠች። ክሩ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። አንዱን ጠርዝ ስታነሣ መግል ወጣ።

"ሴሉላይተስ ነው፣ የቆዳ ኢንፌክሽን፤ ከሥሩ አብሰስ፣ መግል የቋጠረ እባጭ፣ ሠርቷል" አለች ሐኪሟ። "ባክቴሪያው ወደ ደሟ ገብቷል። ሴፕሲስ እንለዋለን። ዛሬውኑ እንከፍተዋለን።"

"ትድናለች?"

"እየሠራን ነው፣ አባት።"

ራሷ ተላጨ። ቁስሉ ተከፈተ፣ ተጠረገ። በደም ሥሯ ግሉኮስና ሴፍትሪያክሶን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ገባ፤ ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ቫንኮማይሲን ተጨመረ። ሦስት ቀን ሙሉ አባዬ ብላ አልጠራችኝም። እኔ የጠራሁትን እግዚአብሔር ያውቃል።

ሆስፒታል በገባን በሁለተኛው ቀን ሐኪሟ ጠርታ አስቀመጠችኝና ስለ መርፌዋ ጠየቀችኝ። የሰው ደም ነክቷት ነበር ወይ? አልኳት፦ ማርታ ነበር ብላለች፣ እኔ አላየሁም፤ ለማየትም አልሞከርኩም። ያኔ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ "አብሰሱ በመድኃኒት ይድናል። ግን እንዲህ ያለ መርፌ ኤችአይቪንም የጉበቱን በሽታ ሄፓታይተስ ቢንም ሊያስተላልፍ ይችላል። ዕድሉ ብዙ ላይሆን ይችላል፣ ግን አለ። ለኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት አለን፤ የሚጀመረው ግን በተወጋች በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። አሁን አልፏል። መርምረን መጠበቅ ነው።"

ሰባ ሁለት ሰዓት። ቆጠርኩት። ማርታ "ይጠዘጥዘኛል" ባለችኝ ጠዋት ሰዓቱ ገና አልሞላም ነበር። ቁልቁለቱን ወርደን ለመድረስ የሚበቃ ጊዜ ነበረን። እኔ ቻይው አልኳት።

በአራተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ "አባዬ፣ ራሴ በረደኝ" አለች። ነጠላዬን አልብሻት ወጣሁ። ቀጥታ የሄድኩት ፀጉር ቤቱ ነው። ከማርታ ራስ ላይ የተቆረጠውን ስፌት በፌስታል ይዤዋለሁ። ሴቶች በተቀመጡበት መስተዋቱ ሥር ወረወርኩት።

"ልጄን ልትገድያት ነበር!" አልኩ። "ይህ ፀጉር ቤት ነው ወይስ ቄራ?"

ፍቅርተ ፌስታሉን አየችው። ፊቷ ነጣ። ከዚያ እርሷም ጮኸች። "ደህና ናት? መጀመሪያ ደህና ናት በሉኝ!" በሕይወት አለች አልኳት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። "ጋሼ፣ ጥፋት አለብኝ። ግን በሩ ላይ ቆሞ ፍጠኚ ፍጠኚ ያለኝ ማን ነው? ልጅቷ ስትናገር አትቀናጪ ያላትስ? እኔም ሰምቻለሁ እኮ!" እጇን ዘረጋችልኝ። ጣቶቿ ጫፋቸው ሁሉ የተወጋ፣ የተሰነጠቀ ነው። "በቀን ስንቴ እንደምወጋ ያውቃሉ? አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ይህን ቀቅዪው፣ ይህን ለውጪው ያለኝ የለም። መስፋት ነው የተማርኩት።"

ቁጣዬ ግን አልጠፋም፤ ሰፋ እንጂ። በእርሷ ተቆጣሁ፣ የሰው ደም በነካ መርፌ አፏን የምትነካ ሰው ባለሙያ አይደለችምና። በዚያ ቀን ተቀምጠው በነበሩት ሴቶች ተቆጣሁ፣ ስምንቱም መርፌዋ ስትሻገር አይተዋልና፤ አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም። በራሴ ግን ከሁሉ በላይ። የሰው እርሻ ፓምፕ ስፈታ እያንዳንዱን መፍቻ በጋዝ አጥቤ ነው ወደ ሣጥኔ የምመልሰው። ለብረት ያደረግኩትን ለልጄ ራስ አላደረግኩም።

ከመውጣቴ በፊት ሐኪሟ የነገረችኝን ነገርኳት፦ አንቺም ሂጂ ተመርመሪ።

ማርታ ሆስፒታል ዐሥራ አንድ ቀን ቆይታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ረጅምና ቀስ ያለ ነበር፤ በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየወሰድኳት ቁስሏ ሲታሸግ፣ እናቷ ሕፃኑን በአንድ እጇ ታቅፋ በሌላው ሾርባ ስታጠጣት፣ ፊቷ ላይ ደም ሲመለስ፣ ፀጉሯ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስላሳ ሆኖ ብቅ ብቅ ሲል አየሁ። ከግራ ጆሮዋ በላይ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ቦታ አሁንም አልበቀለም፤ ሐኪሟም ላይበቅል ይችላል ብላናለች። ትምህርት ቤት የተመለሰችው ሻሽ አስራ ነው። የልጅነት የክትባት ካርዷን ልናገኘው ስላልቻልን ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት እንደ አዲስ ጀመረች፤ በአንዱ የክትባት ቀን ሰልፉ ላይ ከፊታችን ማን ቆማ ነበር? ፍቅርተ። ሰላም አለችን። ማርታ ሳመቻት። እኔ አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ። ውጤቷን አልጠየቅኳትም፤ ብትነግረኝም እዚህ አልጽፈውም።

በሆስፒታሉ የመጀመሪያ ምርመራ ማርታ ነጻ ነበረች፤ ጊዜው ገና ስለነበር ግን ያ ስለ መርፌዋ የሚናገረው ነገር አልነበረም። ቀጣዩ በሦስተኛው ወር፣ የጉበቱ ደግሞ በስድስተኛው ነው ተባልን። መጠበቅን ለሚያውቅ ሰው አላስረዳም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ሴት ልጃችሁ የራሷን መርፌ፣ የራሷን ማበጠሪያ፣ የራሷን ፎጣ ይዛ እንድትሄድ አድርጉ፤ ወንዶቻችሁም የራሳቸውን ምላጭ። "ኮራ አለች" የሚላት ካለ ይበላት። የተሰፋ ፀጉር ሥሩ ካመመ፣ ካበጠ ወይም ካተኮሰ በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ በዓልም ይሁን ሠርግ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የሰማችሁትን ቅጠል ሁሉ አታድርጉበት፤ ሐኪም ይየው። የሌላ ሰው ደም የነካ መርፌ ወይም ምላጭ ከወጋችሁ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጥባችሁ ያን ዕለት ሂዱ፣ አትደሩ። ሐኪም ስንት ቀን ሆነ ሲላችሁ እውነቱን ተናገሩ። እናንተ ፀጉር ሠሪዎች ደግሞ፣ መርፌ ለአንድ ራስ አንድ ነው፤ ፎጣም እንዲሁ። ማበጠሪያውን በሳሙና አጥባችሁ በረኪና ባለበት ውሃ ዘፍዝፉት። እጃችሁን ታጠቡ፣ ጓንት አድርጉ። አፋችሁ የመርፌ ማስቀመጫ አይደለም። የምትቸኩሉ ከሆነ አንድ ሰው መልሱ።

ምስጋናዬ ለሐኪሟ ነው፤ ውሸቴን ያለ ስድብ ላረመችው። ለነርሷም ነው፤ ያንን ሁሉ ቅቤ በለብ ያለ ውሃ ዘለላ በዘለላ ስታጥብ አንድ ጊዜ አፍንጫዋን አልያዘችም። ለሚኒባሱ ሾፌር ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ እግዚአብሔር ይክፈለው።

የሦስተኛው ወር ውጤት ነጻ ሆነ። በስድስተኛው ወር ላቦራቶሪው መስኮት ጋ ስንደርስ እንደ ልማዴ ቀደም አልኩ። ማርታ ክንዴን ያዘችኝ። "አባዬ፣ ውጤቱ የኔ ነው። ውጭ ጠብቀኝ" አለች። በሕይወቷ እንዲህ አዝዛኝ አታውቅም። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። ወጥቼ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ብዙ ቆየች። ስትወጣ ወረቀቱ በእጇ ታጥፏል።

"ነጻ ነኝ" አለች።

እጄ ወደ ወረቀቱ ሊዘረጋ ነበር። መለስኩት። በቃሏ አምኜ ወደ ቤት ሄድን።