ሻሽቱ ቆሎ ስትቆላ

መቱ ውስጥ፣ ከገበያው ሽቅብ በሚያወጣው ዳገት ላይ የተቆላ ገብስ ከሸተተ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ አናጢው ጎንፋ ዛሬም ከአንድ ነገር ወጥቷል። ከምን እንደወጣ ወዲያው ላይታወቅ ይችላል። ከእድር ይሁን ከሰበካ ጉባኤ ወይስ ከፓርቲ፣ ወሬው በኋላ ይደርሳል። ቆሎው ግን አይዋሽም። ባለቤቱ ሻሽቱ፣ ባሏ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ አፉን አሞጥሙጦ ሲገባ ካየች “ምን ሆንክ?” ብላ አትጠይቅም። ገብሱን ታወርዳለች። ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም፤ ሽማግሌ ደግሞ በባዶ አፉ አይለምንም።

ጎንፋ ክፉ ሰው አልነበረም። የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች በሙሉ ከዋንዛ እንጨት የሠራው እሱ ነው። ድንኳኑ፣ ድስቱና ቃሬዛው የሚቀመጡበትን ቤት ቁልፍ ይዞ የኖረውም እሱ ነው። ችግሩ አንድ ነበር፤ ሰው እንደሚፈልገው የሚያምነው ወጥቶ ሲለመን ብቻ ነው።

መውጣትን የተማረው ከጦር ሜዳ ነው። በ1983 ግንቦት የነበረበት ጦር ሲፈታ፣ አዛዡ በመኪና ቀደመ፣ ወታደሩ በእግሩ ተከተለ። ጎንፋ በአንድ እግሩ የወታደር ጫማ፣ በሌላው ሸበጥ አድርጎ መቱ ገባ። ለሰፈሩ ሰው የሰጠው መግለጫ አጭር ነበር።

“አልሸሸንም። ስልታዊ በሆነ መንገድ አፈግፍገን ነው።”

“ስልቱ መቱ ድረስ ነው እንዴ የሚያፈገፍገው?” አለ ካሚል።

ካሚል ልብስ ሰፊ ነበር። በድርቁ ጊዜ ገና ጎረምሳ ሳለ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ፣ ከመቱ ብዙም በማይርቀው ቡሬ አካባቢ መሬት ቆፍሮ፣ በኋላም መቱ ገበያ ውስጥ አንዲት የስፌት መኪና ተክሎ የቀረ ሰው ነው። ሰዉ ሳቀ፤ ጎንፋ አኮረፈ። ወሬው በዚህ ያበቃ ሲመስል፣ ካሚል በማግስቱ አንድ ሱሪ ሰፍቶ ጎንፋ በረንዳ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ አፋን ኦሮሞው ገና ይሰባበር ነበር።

“ኮቱ፣ ሃ ጋሉ” አለው። ና፣ እንግባ ማለቱ ነው። ሊገቡ የሚችሉት ወደ ጎንፋ ቤት ነበር፤ ጎንፋ ደግሞ የተቀመጠው በገዛ ደጁ ላይ ነው። ሻሽቱ ከውስጥ ሆና ሳቋን መያዝ አቃታት። ጎንፋም ሱሪውን ለበሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንፋን የመመለስ ሥራ የካሚል ሆነ።

ኩርፊያ ሥርዓት አለው። ያኮረፈ ሰው ከቤት አይርቅም፤ ከራቀ ሽማግሌ ያጣዋል። ጓዳም አይገባም፤ መንገደኛው አለመሄዱን ማየት አለበት። ጎንፋ ስለዚህ በረንዳው ላይ ለዚሁ ጉዳይ የተሠራች የምትመስል አንዲት ባለ ሦስት እግር ዱካ ላይ ይቀመጣል። መጋዝና መዶሻውን አይነካም። ሽማግሌዎች ሲመጡ አያያቸውም፤ ሻሽቱ “እንግዳ መጥቷል” ስትለው “የምን እንግዳ?” ይላል። ካሚል ደግሞ ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኖ “ቆሎው በስሏል?” እያለ ይገባል። ልመና፣ እምቢታ፣ እንደገና ልመና፣ ምርቃት። ጎንፋ በመጨረሻ “ለእናንተ ብዬ ነው” ይልና ኮቱን ያወልቃል።

የክልሉ መንግሥት ሲቋቋም ጎንፋ ፓርቲ ገባ። በአንድ ግምገማ ላይ ራሱን ሂስ እንዲያደርግ ሲጠየቅ፣ ራሱን ትቶ ሌሎቹን አንድ በአንድ ሂስ አድርጎ ሲጨርስ “ከአባልነት ወጥቻለሁ” አለ። በዚያ ጊዜ ከፓርቲ ወጣሁ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ሊለምነው የደፈረው ካሚል ብቻ ነው። ጎንፋ ግን “ፓርቲው ራሱ ይምጣ” አለ። ዓመታት አለፉ። ፓርቲው ስሙን ቀየረ፣ አባሎቹም በአዳራሽ ሙሉ ጭብጨባ ወደ አዲሱ ስም ተሻገሩ። ጎንፋም ሳይጠየቅ አብሮ ተሻግሮ ተገኘ። ከአሮጌው ወጥቶ ነበር፤ ከአዲሱ ግን ገና አልወጣም።

አንድ ጊዜ ከዓለም ወጣ። ከሰበካ ጉባኤው ጋር በቤተ ክርስቲያኑ በር ስፋት ተጣልቶ፣ ሁሩሙ በኩል ጫካ ውስጥ ወዳለች ገዳም ሱባኤ ገባ። ለሻሽቱ “አትፈልጉኝ” አላት፤ ሞባይሉን ግን ቻርጅ አድርጎ ይዞ ሄደ። ካሚል እስላም ስለሆነ ወደ ቅጽሩ አልገባም። ውጭ ቆሞ በንብ ቀፎዎቹ መሐል ተጣራ።

በር ላይ የነበሩት መነኩሴ “የማን ዘመድ ነህ ልጄ?” ቢሉት “የዚያ የአዲሱ መናኝ፣ አባቴ” አላቸው።

“እሱ በዝምታ ነው ያለው።”

“እሰይ! ሰፈሩም እንደዚሁ ነው፤ እሱ ከሄደ ወዲህ ጸጥ ብሏል።”

ጎንፋ ይህን ሰምቶ ዝምታውን ፈታ። “ሻሽቱ ምን አለች?” አለ ከአጥሩ ውስጥ።

“በሩ ከማጠፊያው ወልቋል፤ የምታውቁት አናጢ አለ ወይ እያለች ነው። ኮቱ፣ ሃ ጋሉ።”

መነኩሴው ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፍነው ባረኳቸው። ሁለቱም በአንድ ሚኒባስ ተመለሱ።

የወረርሽኙ ዓመት ለጎንፋ ክፉ ነበር። በበሽታው አይደለም። መንግሥት ሰው ሁሉ ራሱን ያግልል ብሎ ሲያውጅ፣ አገር ምድሩ በየቤቱ ገባ፤ የሚለምን ጠፋ። ጎንፋ ዱካው ላይ ተቀምጦ ባዶውን መንገድ እያየ “ሁሉም ከወጣ መውጣት ምን ዋጋ አለው?” ሲል ሻሽቱ ሰምታዋለች።

እውነት ለመናገር ግን፣ መውጣት ሲቀለው ያልወጣበትም ጊዜ አለ። ወሬ የከፋበት ዓመት ነበር። ከሰሜን የመጡ ሰፋሪዎች ይውጡ የሚል ቃል ከከተማ ከተማ ሲዞር፣ ብዙዎች ዕቃቸውን ሸክፈው ሄዱ። ካሚል ሱቁን አልዘጋም። “እኔ አንዴ ከአገሬ ወጥቻለሁ፤ ይበቃኛል” አለ። በዚያ ሰሞን ጎንፋ ከእድሩ ቤት አንድ አግዳሚ አውጥቶ ተሸክሞ መጣና የካሚል ሱቅ ደጃፍ ላይ አስቀመጠው። ከዚያም ተቀመጠበት። ጠዋት ይመጣል፣ ሲመሽ ይሄዳል። ለምን እንደተቀመጠ የሚጠይቀው ካለ “ሱሪ እያሳጠርኩ ነው” ይላል። ወሬው እስኪበርድ ድረስ ያች ሱሪ አጥራ አላለቀችም።

የመጨረሻው መውጣት የመጣው በፕላስቲክ ወንበር ነው።

እድሩ አዲስ ዳኛ መርጦ ነበር፤ ወይዘሮ ዲሪቤን። ዲሪቤ የጤና ባለሙያ ናት፤ ስብሰባ በሰዓቱ ትጀምራለች፣ ይባስ ብላም በሰዓቱ ትጨርሳለች። የዋንዛው አግዳሚ ከባድ ስለሆነ በፕላስቲክ ወንበር ይተካ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ጎንፋ ተነሣ።

“ፕላስቲክ ጭቃ ላይ ይሰምጣል። የእኛ አገር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጭቃ ነው። ለቀስተኛ ለቅሶውን ትቶ ወንበሩን ሊነቅል ነው?”

ድምፅ ተሰጠ። ወንበሩ አሸነፈ። ጎንፋ ኮቱን ቆለፈ፤ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። “ከዛሬ ጀምሮ እኔ የለሁበትም።”

በዚህ ጊዜ ማን ምን እንደሚል ድሮ የታወቀ ነበር። “ኧረ ጋሽ ጎንፋ!” ይባላል፣ ሁለት ሰው ክንዱን ይይዛል፣ ካሚል ይቆማል። ካሚል ግን ልቡን ታሞ ቤቱ ተኝቷል። ዲሪቤ ቁልፉን አነሣች።

“ስላገለገሉን በጣም እናመሰግናለን፣ ጋሽ ጎንፋ። የሚቀጥለው አጀንዳ ምንድን ነው?”

ቁልፉ የባጃጅ ሹፌር ለሆነው ለዳምጤ ተሰጠ። ጎንፋ በሩ ጋ ደርሶ ትንሽ ቆመ፤ የሚጠራው እንደሌለ ሲያይ ወጣ።

ቤቱ ገብቶ ዱካው ላይ ተቀመጠ። የገብስ ሽታ አልመጣም።

“ሻሽቱ?”

“አቤት።”

“ቆሎ የለም እንዴ?”

“ዘንድሮ ማንን ላበላ?” አለች ከጓዳ።

ሰው ሲያልፍና ሲያገድም ሰላም ይለዋል፤ የሚገባ የለም። ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል አንዲት ባጃጅ እያቃሰተች ዳገቱን ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ካሚል ነበር፤ ከኋላ ተቀምጦ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ። አልወረደም። መሪውን የያዘው ዳምጤ ነው።

“ቆሎው በስሏል?” አለ ካሚል። ድምፁ ከጋቢው ውስጥ የመጣ ይመስል ነበር።

ጎንፋ ግን ያየው ሹፌሩን ነው። “በእሱ ባጃጅ ነው የመጣኸው?”

“በእግሬ ልምጣ? ዳገቱ እኮ እኔን ከለመነኝ ቆየ። ‘አትውጣኝ’ ነው የሚለኝ።”

“ቁልፌን ይዞ በሬ ላይ ይቆማል?”

“ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰጡኝ እንጂ...” ብሎ ጀመረ ዳምጤ።

“አንተን ማን አናገረህ!”

ካሚል እጁን አወዛወዘ፤ ተዉ ለማለት ነው። “ስማኝ ጎንፋ። አንተን የመመለስ ሥራ ጡረታ የለውም እንዴ? ደከመኝ። የዛሬን ሳታስለፋኝ ና። ኮቱ፣ ሃ ጋሉ።”

ጎንፋ አንገቱን አዞረ። ሽማግሌ ብቻውን አይመጣም፤ በባላጋራ ባጃጅማ ጭራሽ አይመጣም። “ዲሪቤ ራሷ ትምጣ” አለ።

ካሚል ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። “እሺ፣ እነግራታለሁ” አለና የዳምጤን ትከሻ መታ አደረገ። ባጃጇ ዞረች።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጥሩምባ ተነፋ። ጥሩምባ ነፊው ከመስቀለኛው መንገድ ላይ ሆኖ ጮኸ፦ “ልብስ ሰፊው ካሚል ዐርፏል! ቀብሩ ዛሬ፣ ከቀትር ስግደት በኋላ!”

ጎንፋ ዱካው ላይ ነበር። ሻሽቱ ፊቷ በእንባ ታጥቦ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። እሱ አልተነሣም።

“አትሄድም?”

“ከእድሩ ወጥቻለሁ እኮ። ሰው ሳይልኩብኝ በምን ፊቴ? አንድ ሰው ይመጣ ይሆናል።”

ሻሽቱ ቆማ አየችው። በዚህ ሁሉ ዘመን ቆሎ ስትቆላ ያልተናገረችውን በአንድ ጊዜ የተናገረች መሰለ። “ማን ይምጣልህ? የሚመጣው ሰው እኮ ነው የሞተው።”

ጥላት ሄደች።

የእስላም ቀብር አይዘገይም። ክርስቲያን ቢሆን ዘመድ ከወሎ እስኪመጣ ይጠበቅ ነበር፤ ሽማግሌም እስከዚያ ይደርስ ይሆናል። ዛሬ ግን ጊዜ የለም። ጎንፋ መንገዱን አየ። ወደ ታች የሚወርዱት ሁሉ ወደ ካሚል ቤት ነው። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ፀሐይዋ ከዛፎቹ በላይ ስትወጣ ተነሣ። ኮቱን ለመቆለፍ እጁን ልኮ ተወው። ያቺ ዳገት ቁልቁል ስትሆን ያን ያህል ረጅም መሆኗን አያውቅም ነበር።

ድንኳኑ ተተክሏል። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር የፕላስቲኮቹ ወንበሮች እግር ጭቃው ውስጥ ገብቷል፤ ለቀስተኛው እየተንጋደደ፣ ሲነሣም ወንበሩን በሁለት እጁ እየነቀለ ነበር። ጎንፋ አየ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ሆኖ ሳለ ዝም አለ።

ዲሪቤ መግቢያው ላይ አገኘችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ጋሽ ጎንፋ፣ ማን አመጣዎት?” አለችው። በክፋት አልነበረም፤ ሰው እንዳልላከች ታውቃለችና ገርሟት ነው።

“ካሚል” አላት።

ዲሪቤ ከመንገዱ ገለል አለች። ቃሬዛው ሲወጣ ጎንፋ ትከሻውን ከፊት አስገባ፤ ከጎኑ የነበረው ዳምጤ ነው። እርምጃቸውን አስተካከሉ።

ስግደቱ ሲሰገድ ክርስቲያኖቹ ራቅ ብለው ቆሙ። ቀብሩ ሲያልቅ ሰዉ ተበተነ። ጎንፋ አልሄደም። ትኩሱን አፈር እያየ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ እንዲሄድ የሚለምነው ሰው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። የካሚል ልጅ አሊ፣ ሰዎቹን ሸኝቶ ሲመለስ አየው። መጥቶ ክንዱን ያዘው።

“ጋሼ፣ ኮቱ። ሃ ጋሉ።”

ድምፁ ቁርጥ አባቱን ነበር። ጎንፋ ያኔ ነው ያለቀሰው።

ክረምቱ ሳይወጣ ዳምጤ ከእድሩ ወጣ። ሁለት ወንበር ጭቃ ውስጥ ተሰብሮ፣ “የተረከብከው አንተ ነህ” ተብሎ ነው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ዲሪቤም አመስግና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈች። ከቀብሩ ወዲህ ማንም ሳይለምነው ወደ እድሩ የተመለሰውና ከኋላ በቀረችው አንዲት አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ጎንፋ ወደ ቁልፉ አላየም። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ዳምጤ ልጅነት ሆኖበት ሥርዓቱን አያውቅም፤ በረንዳ ላይ መቀመጥ ሲገባው ግቢው ውስጥ ከባጃጁ ሥር ገብቶ ዘይት ይቀይር ነበር። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ጎንፋ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ቆሎው በስሏል?” አለ።