ክዳኑን ሳይከፍቱ የተፈረደበት ሞተር

ከወሎ የመጣው ሸረፈዲን መቐለ ላይ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ሠርቶ ነው። የዓይደርን ዳገት ስትወጣ ሞተሯ ይግል ነበር። የጋራዡ ባለቤት የራዲያተሩን ክዳን እንኳ ሳይከፍት፣ "ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ሞተሩ አልቋል፤ ለቁራሌው ሽጣት" ብሎ ፈረደበት። ሳያዩ መፍረድ ምን የሚሉት ሙያ ነው?

ሸረፈዲን ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ክዳኑን ራሱ ከፈተ። ውስጡ ነጭ ድንጋይ ጋግሯል። ሚስቱ ሳሊሃ አጎንብሳ አየችና ሳቀች።

"ይሄማ የሻይ በራዳችን ውስጥ የሚጋገረው ነው! የቧንቧ ውሃ ነው እንዴ የምታጠጣት?"

"ታዲያ ምን ላጠጣት? የራዲያተሩ ፈሳሽ ከገበያ ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ጀምሬ በዚያው ቀረሁ።"

በራዱን በምታጸዳበት አቼቶ ራዲያተሩን ደጋግመው አጠቡት። ትናንት ሚኒባሷ ዳገቱን ሳትግል ወጣች። ሸረፈዲን ጋራዡ ጋ ሲደርስ ክላክሱን ለቀቀውና አለፈ። እኔ ብሆን ወርጄ ነበር የምጮኸው።