ስሙ እስኪጠራ

ባለቤቴና እኔ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው፣ በደዶ መንገድ ዳር ባለው ግቢያችን የተሰጣውን ጀንፈል ቡና መሸፈን ነበር። የሸራውን አንድ ጫፍ እሱ ይዟል፣ ሌላውን እኔ።

«ይዘንባል» አልኩት።

«በዚህ ሰማይ? አይዘንብም።»

ገና ስንከራከር የታጣቂዎች መኪና በራችን ላይ ቆመ። እሱን ስብሰባ ላይ በተናገረው፣ እኔን ሚስቱ በመሆኔ ወሰዱን። ሸራው ግማሽ ድረስ ተጎትቶ ቀረ።

በእስር ቤቱ የሴቶቹን ክፍል ከወንዶቹ የሚለየው የጣውላ ግድግዳ ነበር። እርጥብ ብርድ ልብስና የሽንት ባልዲ ይሸታል። በዚያው ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው። ሲያባራ፣ በወንዶቹ በር ላይ ስም ሲጠራ ሰማሁ። የተጠሩት ወጡ፤ አልተመለሱም። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተኝቼ ሳለሁ የሱ ስም ቢጠራስ?

ቀን ቀን ግን በተቀመጥኩበት እንቅልፍ ይጥለኝ ጀመር። አጠገቤ ሄርማታ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ እናት ነበሩ፤ የሸሸ ልጅሽን አምጪ ተብለው የታሰሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በዚህ አያያዝሽ ሲጠራም አትሰሚ» አሉኝ። «ማንኮራፋትሽ ጠሪውን ይውጠዋል። ሰውየው የሚመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። እኔ ለሌሊት ሶላት ስነሳ እቀሰቅስሻለሁ። እሱ ሲሄድ መልሰሽ ተኚ።»

«አላስቸግርዎትም፣ እማማ?»

«ወላሂ፣ ለባልሽ ብዬ አይደለም የምነሳው። ደግሞ እንዳትኮሪ!»

ከዚያ ወዲህ በጊዜ መተኛት ቻልኩ። እጃቸው እግሬን ሲነካኝ እነቃለሁ። ጠሪው እስኪሄድ ጆሮዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። የሌላ ሰው ስም ሲሆን እፎይ እላለሁ፤ እፎይ በማለቴም አፍራለሁ። ከዚያ ድብን ያለ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አንድ ሌሊት የሱ ስም ተጠራ።

እማማ እጄን ጨበጡ። «እንዳታለቅሺ። እየሰማሽ ሸኚው።»

ሻሼን አስተካክዬ አሰርኩና በሩ ጋ ቆምኩ።

«ሰማህ?» አልኩ ጮክ ብዬ። «ዘነበ እኮ!»

«ዝም በይ!» ጠባቂው የበሩን ቆርቆሮ በዱላ መታው።

ኮቴዎቹ ቆም አሉ።

«ሰማሁ» አለ ባለቤቴ። ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበር። «አንቺ ነበርሽ ልክ።»

መሞቱን የነገሩኝ ከተፈታሁ በኋላ ነው።

አሁን በጊዜ እተኛለሁ። እኩለ ሌሊት ላይ የሚቀሰቅሰኝ ሳይኖር እነቃለሁ። ሻሼን አስሬ ትንሽ ቁጭ እላለሁ። ከዚያ እስኪነጋ እተኛለሁ።