ድምፄ ዶቨር፣ መልኬ ሜይላንድ ሃይትስ

በገዛ ልጄ ልደት፣ በገዛ ሳሎኔ መሃል፣ የስኪ ጭምብል አጥልቄ ቆሜያለሁ... አፌን እንዳልከፍት ግን በሽማግሌ ተከልክያለሁ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው፣ ከተማው የካናዳዋ ካልጋሪ። ትዝ ያለኝ ሰሞኑን ትልልቆቹ የፊልም ስቱዲዮዎች አንድን ጀግና ለሁለት እንዴት እንደሚካፈሉ ሳነብ ነው። አዲስ ነገር ያመጡ መስሏቸዋል። እኛ ያኔ ጨርሰነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማው የሐበሻ ሰርግ በቪዲዮ የሚቀርጹ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ዶቨር ሰፈር የሚኖሩት ጋሼ ደምሴ እና ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር የሚኖረው ታምሩ። ሁለቱም ቤዝመንታቸውን «ስቱዲዮ» ነው የሚሉት። የታምሩ ስቱዲዮ ውስጥ የልብስ ማጠቢያው መዞር ሲጀምር ሥራ ይቆማል። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ የበረዶ ወቅት ተስማምተው ለልጆቻችን የአማርኛ ፊልም ሠሩ።

ጀግናው «በረዶ ሰባሪ» ይባላል። በረዶ የዋጠውን መኪና በአንድ እጁ ያወጣል፤ ልጅ ሲጠራው ደግሞ በወፍራም ድምፅ «አለሁ!» ይላል። አንድ ጉድለት አለበት... እንግሊዝኛ አይሰማም። ይህቺን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ጀግናውም እኔው ነበርኩ። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስሸከም ስለምውል «ትከሻ አለህ» ብለው መረጡኝ። ልብሱ የሥራ ቱታዬ፣ ካባው የሳሎናችን መጋረጃ፣ ጭምብሉ የታምሩ የስኪ ጭምብል።

ካሴቱ እየተባዛ ከቤት ቤት ተዳረሰ። ልጆቹ አበዱለት። በአማርኛ ስናወራት በእንግሊዝኛ ብቻ የምትመልሰው ልጄ ሊያ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ «በረዶ ሰባሪ፣ ና!» ስትል የሰማሁ ቀን... እውነቱን ልናገር፣ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ሁለቱ ስቱዲዮዎች ተጣሉ። በምን? ፊልሙ ሲጀምር የማን ስም ይቅደም በሚል።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የእኛ ሽማግሌ ደግሞ አንዱን አስከፍቶ አይበተንም፤ ሁለቱም አንድ አንድ ነገር ይዘው መውጣት አለባቸው። ረጅም ጸሎት ተደረገና ተፈረደ። ካሜራው የታምሩ ስለነበር የበረዶ ሰባሪ መልክ ለታምሩ፤ ማይክሮፎኑ የጋሼ ደምሴ ስለነበር ድምፁ ለጋሼ ደምሴ። ታምሩ ሲቀርጸኝ አልናገርም፣ ጋሼ ደምሴ ሲቀዱኝ አልታይም። ሁለቱ ተቃቅፈው ተሳሳሙ። እኔን የጠሩኝ አሜን እንድል ነው። አልኩ።

የሊያ ስድስተኛ ዓመት ልደት ደረሰ። የለመነችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በረዶ ሰባሪ ራሱ እንዲመጣላት። ጭምብሉ ያለው ታምሩ ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ «ያለ ካሜራዬ ከቤት አይወጣም» ብሎ ካሜራውን ተሸክሞ መጣ። ጋሼ ደምሴም በእንግድነት ተጠርተዋል። ኬካቸውን ይዘው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከንፈሬን ይጠብቃሉ።

በጓሮ በር ገባሁ። ልጆቹ ጮኹ። ሊያ ግን ቀስ ብላ መጥታ ካባዬን ያዘች።

«በረዶ ሰባሪ... እኔ ነው። ሊያ ነው። አለህ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አለህ?» አለች ደግማ፣ ጮክ ብላ።

አሁንም ነቀነቅኩ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ወደ እናቷ ዞራ «ማሚ፣ ሂ ካንት ሂር ሚ። ማይ አምሃሪክ ኢዝ ባድ» አለች፤ አማርኛዋ መጥፎ ስለሆነ ያልሰማት መስሏታል።

እናቷ ሰናይት እንዴት እንዳየችኝ አልነግራችሁም።

ጋሼ ደምሴ ጆሮ ሥር ተጠግቼ «ስለ እግዚአብሔር፣ አንድ ቃል ብቻ ይፍቀዱልኝ» አልኳቸው።

«እኔማ ፐርሚሽን እሰጥሃለሁ ልጄ፣ ምን ከፋኝ» አሉ ኬካቸውን እየዋጡ። «ግን እሱ ካሜራውን ኦፍ ያድርግ። በሽማግሌ የተባለ ነው።»

«ኦፍ አላደርግም!» አለ ታምሩ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል። «መልኩ የኔ ነው፣ እስከቆመ ድረስ ሪከርድ አደርገዋለሁ። ከፈለጉ እርስዎ ድምፅዎን ይዘው ይውጡ!»

«ድምፁ ያለው እሱ ጉሮሮ ውስጥ ነው! እንዴት አድርጌ ነው ይዤው የምወጣው?»

ሊያ ካባዬን ለቀቀች። አንገቷን ደፍታ ወደ መኝታ ቤቷ መሄድ ስትጀምር ድንገት አንድ ነገር ገባኝ። ሽማግሌዎቹ ያካፈሉት በረዶ ሰባሪን ነው። የሊያን አባት ያካፈለ የለም!

ጭምብሉን አውልቄ ታምሩ ላይ ወረወርኩት።

«አለሁ፣ ልጄ!»

ዞረች። ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ለቅሶ ነበር የጠበቅኩት፤ ጀግናዋን እፊቷ ገድዬባታለሁ። እሷ ግን እኔን አየች፣ ጭምብሉን አየች፣ ደግሞ እኔን አየችና...

«ዳዲ... አንተ እንግሊዝኛ አትሰማም?»

«አልሰማም» አልኩ።

«ሶሪ» አለች። ከዚያ ራሷን አርማ፣ «ይቅርታ።»

በሳምንቱ «የሁለት ስቱዲዮ ንብረት በሕዝብ ፊት አበላሽተሃል» ተብዬ ሽማግሌ ፊት ቀረብኩ። ጥፋተኛ ተባልኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ አሜን አልኩ። ሁለተኛ ፊልም አልወጣም። ቱታውን ለብሼው ሥራ ሄድኩ፣ መጋረጃውም ተመልሶ ተሰቀለ።

ሊያ ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት። ከሁሉም ጋር የምታወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ እኔ ሲመጣ ግን እስካሁን እንደዚያው ነን፤ እኔ እንግሊዝኛ አልሰማም። ትናንት ማታ ደውላ «አባዬ፣ አለህ?» አለችኝ።

«አለሁ» አልኳት... ማንንም ሳላስፈቅድ።