አባቴና የኋላው ፍሬን

ሞተር ሳይክሌን ሰርቪስ ለማስደረግ ወደ ገዛሁበት ድርጅት መሄድ የተውኩት በንዴት ነው። ባልናደድ ኖሮ እስከ ዛሬም ያቺ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተጎልቼ፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን እያየሁ ወንበር ሳሞቅ እውል ነበር። ጠዋት ታስረክቢያቸዋለሽ፣ ማታ ይመልሱልሻል። ምን ሠራችሁላት ስትያቸው መልሱ «ሁሉንም አይተናታል» ነው። ገብቼ ልይ? ክልክል ነው። የገዛ ሞተሬን! ጭራሽ አንድ ቀን ካቴናዋ እንደረገበ ስትመለስልኝ ደሜ ፈላ። እኔ እንቁላል አከፋፋይ ነኝ፤ ከጎፋ እስከ መካኒሳ አቦ ያሉ ደንበኞቼ እኔ ከቀረሁ እንቁላል የላቸውም። እሷን ገትሬ የምውልበት ቀን ከየት ይመጣል?

እናም ቁልፍ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ገዛሁና ግቢያችን በር ላይ ካርቶን አንጥፌ ቁጭ አልኩ። ዘይት መቀየሩን ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ቻልኩበት። ካንዴላ ፈትቶ ማጽዳትማ ሽንኩርት ከመላጥ አይከብድም። ያስቸገረኝ ሥራው ሳይሆን አማካሪው ነው። እኛ ሰፈር ሴት ልጅ ሞተር ፈታ ከተቀመጠች መንገደኛው ሁሉ መካኒክ ነው። «እህቴ፣ እሱ ወደ ግራ ነው የሚፈታው» ይላል አንዱ። «ኧረ መጀመሪያ ቤንዚኑን ዝጊው!» ይላል ሌላው። ፊት ለፊታችን ያለው ባለ ሱቅ ደግሞ ደንበኛ አቁሞ ይመጣና ቁልፉን ሊቀበለኝ እጁን ይዘረጋል። «ወንድሜ፣ እኔ መጥቼ ስኳር መዝኜልህ አውቃለሁ?» አልኩት አንድ ቀን። ስቆ ሄደ፤ በማግስቱ ግን ተመልሶ መጣ።

እነሱንስ እችላቸዋለሁ። ያቃተኝ አባቴ ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ፍሬን ላይ ቀልድ አያውቅም። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ የታክሲ ሰልፍ መቆም አቅቶት እሁድ እሁድ ቤት መዋል ጀመረ። ቸርቻችን ያለው ሀና ማርያም ሰፈር ነው፤ ለእሱ ደግሞ ከቸርች መቅረት ቁርስም ምሳም ከመከልከል ይብሳል። ሶፋው ላይ ብቻውን ተቀምጦ መዝሙር በስልክ ከፍቶ አብሮ ሲዘምር ስሰማው አንጀቴን ይበላኛል።

«አባዬ፣ በሞተር ላድርስህ» እለዋለሁ።

«ፍሬኗን ማን ሠራት?»

«እኔ ነኛ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እዚሁ እጸልያለሁ።»

ስንቱን ለመንኩት! ወይ ፍንክች። ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳው ብጀምር፣ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ብሎ አፌን አዘጋኝ። ስንት እንቁላል ተሸክሜ ስዞር አንድም አልሰበርኩም ብለው፣ «እንቁላል ቢሰበር እንቁላል ነው» አለ። ድርጅቱ ጋ ወስጄ ካሠራኋት ግን ደስ ብሎት ይወጣል። ካቴና ማጥበቅ ያቃታቸውን ሰዎች! ሳቅ ሳቅ እያለኝም ከፋኝ። አይቷቸው የማያውቃቸውን አምኖ የገዛ ልጁን ማመን አቃተው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የኋላው ፍሬን ሸራ አልቆ ነበርና ጎማውን አወረድኩት። አባቴ ወንበር አስወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዐይኑን እጄ ላይ ተከለ፤ ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። አዲሱን ሸራ ገጠምኩ፣ ጎማውን መለስኩ። ከዚያ ፍሬኑን የሚያጠብቀውን ዳዶ ማዞር ስጀምር ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ አልተፈታም። አሁንም ትንሽ አጠበቅሁ፣ አሁንም አየሁት፤ ያው ነው። እንደገና አጠበቅሁ። ስጨርስ ወንበሩን አንስቶ፣ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» አለና ገባ።

በማግስቱ የጌታ እራት የሚወሰድበት እሁድ ነበር። ጠዋት ስወጣ ሱፉን ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ሞተሬ አጠገብ ቆሟል። ለካ የጌታ እራት እንዲያመልጠው አላስቻለውም።

«እስከ ቁልቁለቱ መጨረሻ ብቻ» አለኝ። «እዚያ ወርጄ አያታለሁ። ካላማረችኝ ወደ ቤቴ።»

«እሺ አባዬ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ትከሻዬን ጨምድዶ ይዞኝ ወረድን። ገና ቁልቁለቱን ከመጀመራችን፣ «ማርሽ ቀንሺ!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

«አባዬ፣ ተሳቢ እኮ አይደለችም!»

«ቁልቁለት ቁልቁለት ነው! ቀንሺ!»

ቀነስኩ። ታች ደርሰን ዳር ያዝኩ። ሱፉ እንዳይቆሽሽ እየተጠነቀቀ ወረደ፤ የታመመ ጉልበቱን ይዞ እንደምንም ጎንበስ አለና ጣቱን በምራቁ አርሶ የኋላውን ጎማ መሐል፣ ፍሬኑ ያለበትን ብረት ነካው። ቸስ አለ። ልቤም አብሮ ቸስ አለ።

«ግሏል» አለኝ። «ሳትረግጪውም እየያዘ ነው የመጣው። ከልክ በላይ አጥብቀሽዋል።»

«ሸራው አዲስ ስለሆነ ነው።»

«አይደለም። ፈርተሽ ነው።»

«ማን አስፈራኝና?» አልኩት ዐይን ዐይኑን እያየሁ።

መጀመሪያ ኮስተር አለ። ቀጥሎ ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ከሆዱ ሳቀ፤ ጉልበቱን ካመመው ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። በቃ፣ ይኸው ስህተቴን በጣቱ ነክቶ አገኘው፣ አሁን ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው ብዬ ቁልፉን ከዕቃ መያዣው አወጣሁና ዘረጋሁለት።

«እንካ፣ አንተው አስተካክላት።»

አልተቀበለኝም። እጆቹን ወደ ኋላ አጣመራቸው። «ሞተሯን የምታውቂያት አንቺ ነሽ» አለ። «ትንሽ ላላ አድርጊውና ጎማውን በእጅሽ አዙሪው። ሳይያዝ ከዞረ ይበቃዋል።»

ሞተሯን በመሐል መቆሚያ እግሯ አቆምኳት፣ ዳዶውን አላላሁ፣ ጎማውን አዞርኩ። ዞረ። ትንሽ ጠበቅ፣ ትንሽ ላላ እያደረግሁ ልኩን አገኘሁለት። ፔዳሉን ብረግጠው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ብለቀው እንደገና ዞረ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዴም ወደ ፊቱ አላየሁም። ከዚያ እጄን በጨርቅ ጠርጌ ፈቀቅ አልኩለት፤ ጎንበስ ብሎ እስኪፈትሸው ጠበቅሁ።

እሱ ግን ሄልሜቱን አጥልቆ ማሰሪያውን እየቆለፈ ነው።

«ምን ይገትርሻል?» አለኝ።

«እንድታየው ነዋ።»

«ጨርሰሻል አይደል?»

«ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የማየው?» አለና፣ ሞተሯ ላይ ስቀመጥ ትከሻዬን ተደግፎ ከኋላዬ ወጣ። «ንጂ፣ ረፈደብን።»